ቆሞ የሞተ ዛፍ የመንግሥት ነው

ከሞስኮ ወደ አርካንግልስክ በሚወጣው ኤም 8 አውራ ጎዳና፣ ቮሎግዳን ካለፉ በኋላ፣ ቫጋ ወንዝ ዳር ቬርሆቫዥዬ የምትባል መንደር አለች። መንደርነቷ ሳይቀር የወረዳ መቀመጫም ናት። ባቡር የፈለገ ግን ጎረቤት ክፍለ ሀገር፣ ቬልስክ ድረስ መሄድ አለበት። በሩሲያ ሰሜን እንዲህ ያለ የወረዳ መቀመጫ ሞልቷል፤ አንዱን ያወቀ ሌላው ውስጥ መንገድ አይጠፋበትም። አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ የባህል ቤት፣ ፖስታ ቤት፣ ክሊኒክ፣ ብዙ ጊዜም ሌኒን። የአዲስ አበባው ሌኒን ግንቦት 1983 ዓ.ም. ወርዶ ተገላግሏል፤ የእነሱ አሁንም ብርድ ላይ ነው።

ብርዱን የሚያስታግሰው ደግሞ ሕግ ነው። ባለሁለት ፎቅ የጋራ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ማሞቂያው የሚከፈትለት የቀኑ አማካይ ሙቀት ለ5 ተከታታይ ቀናት ከ8 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው። አራት ቀን ጥርስ ለጥርስ ሲፋጭ ይከርማል፤ በአምስተኛው ፀሐይ ብቅ ትልና አማካዩን 9 ታደርገዋለች። ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። መስከረም ላይ ፀሐይ የሚረግም ሰው ማየት የፈለገ እዚያ ይሂድ።

አቤቱታስ? ለዜጋ ማመልከቻ በ30 ቀን መልስ መስጠት ግዴታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሕግ ነው። ጉዳዩ የሌላ መሥሪያ ቤት ከሆነ በ7 ቀን ይመራለታል፤ ከከበደ ደግሞ ሌላ 30 ቀን ይጨመርበታል። የመንገድ መብራት ጠፋ ብሎ ሚያዝያ ላይ የጻፈ ሰው አጣሪዎቹ የሚደርሱለት ሰኔ ላይ፣ ሌሊቱ በማይጨልምበት ወቅት ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ቆመው ዙሪያውን ያያሉ፤ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታያል። ምን ጎደለ?

ክሊኒክ ደጃፍ ያለው ሥርዓት እንኳ ከዚህ ይፈጥናል። የገባ ሁሉ «መጨረሻ ማን ነው?» ብሎ ቦታውን ይይዛል። ከዚያ አንዲት እናት «እኔ ለመጠየቅ ብቻ ነው» ብለው ይገቡና ግማሽ ሰዓት ይጠይቃሉ።

የመንደሩ ዋና ቁም ነገር ግን ማገዶ ነው። ሰው የሚመዘነው በደጁ ባለው የፍልጥ ክምር ነው፤ ቀጥ ብሎ የተደረደረ ከሆነ ባለቤቱ ቁም ነገረኛ፣ ያዘነበለ ከሆነ ይጠጣል ማለት ነው። ምርጡ በርች የሚሉት ነጭ ልጥ ያለው ዛፍ ነው፤ አመዱ ትንሽ፣ ሙቀቱ ብዙ። የበረዶው ወቅት ሳይወጣ፣ ግንዱ በውርጭ እንደደረቀ ቢፈለጥ በአንድ ምት ይከፈላል። ከዚያ ከላይ ብቻ ተሸፍኖ፣ ጎንና ጎኑ ነፋስ እያገኘው አንድ ዓመት ይደርቃል። ጎኑን ጭምር በላስቲክ የጠቀለለ ሻጋታ ያመርታል። እርጥቡን ያነደደ ደግሞ ቤቱን ሳይሆን ውሃውን ያሞቃል፤ ጭስ ማውጫውም በጥላሸት ይደፈናል። ሙቀት እንዳይወጣ ብሎ ፍሙ ላይ ሰማያዊ ነበልባል እየተወዛወዘ የጭስ ማውጫውን መዝጊያ የገፋ ሰው ላይነሳ ይተኛል። ይህ እንኳ ቀልድ አይደለም።

ፍልጡ ከየት ይምጣ? መንግሥት ቸር ነው፤ ከጥር 1 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም ዜጋ ጫካ ውስጥ የወደቀ ደረቅ እንጨት በነፃ እንዲሰበስብ ፈቅዷል። ነገር ግን ዛፉ ሞቶ መሬት ላይ መጋደም አለበት። ቆሞ የሞተ የመንግሥት ነው፤ የቆረጠ ይከሰሳል። ትናንት ነፋስ የጣለው፣ ገና ቅጠሉ አረንጓዴ የሆነውም አይነካም፤ ወድቋል እንጂ አልሞተማ። ስለዚህ የደረቀ ዛፍ ሥር ቆሞ ደመና ደመናውን የሚያይ ገበሬ ቢያጋጥም የአየር ንብረት ተመራማሪ አይደለም፤ ነፋስ እየለመነ ነው።

ነፋስ እምቢ ያለው ይገዛል። እዚህ ላይ ሒሳብ ይመጣል። ርዝመቱ 3፣ ወርዱ 2፣ ከፍታው 1 ሜትር የሆነ የጭነት ሳጥን ፍልጡ እንደመጣ ከተዘረገፈበት «6 ኪዩብ» ነው። ያው እንጨት ጓሮ ሲደረደር 4 ገደማ ይሆናል። በመሀሉ ያለው አየር ተቀንሶ እንጨቱ ብቻ ቢለካ 3 አካባቢ ነው። ሻጩ የሚሸጠው 6፣ ገዢው የሚያስበው 4፣ ምድጃው የሚበላው 3። ማንም አልዋሸም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሳይከፍሉ በፊት «ተደርድሮ ነው ወይስ ተዘርግፎ?» ብሎ መጠየቅ፣ ሜትር ይዞ ሳጥኑን መለካት፣ የፍልጡን ርዝመት ከምድጃው አፍ ጋር ማስተያየት። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ የሚለካ ግን የለም። ምክንያቱም ሻጩ የሚስት የአጎት ልጅ ነው፤ በታኅሣሥ መንገዱ በበረዶ ሲዘጋ ትራክተር ያለውም እሱ ብቻ ነው። ግንቦት ላይ የድንች ማሳውን የሚያርሰውም እሱ። ስለዚህ ገዢው ሜትሩን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ የ6 ኪዩቡን ሒሳብ ይከፍላል፤ አመስግኖም ሻይ ጠጣ ይለዋል።