ክርክር፦ የሥራ ትርጉም ሠራተኛን ከመዛል ያድነዋልን?

የመከራከሪያ ሐሳብ፦ «ሠራተኛ በትጋት እንዲሠራና አእምሮው ጤናማ እንዲሆን ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሥራው ትርጉም ያለው መሆኑ ነው።» ሐሳቡን የሚደግፉት የሆስፒታል የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ፣ የሚቃወሙት ደግሞ ለ11 ዓመት በዋርድ ያገለገሉ ነርስ ናቸው።

ደጋፊ

ደመወዝ ሰውን ወደ ሥራ ገበታው ያመጣዋል እንጂ ልቡን አያመጣውም። ኤሚ ረዝኔስኪና ጄን ደተን በአሜሪካ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞችን ሲያጠኑ፣ በአንድ የሥራ መደብ ላይ ካሉት መካከል አንዳንዶቹ ሥራቸውን ወለል ከመጥረግ አሳልፈው አያዩትም ነበር፤ ሌሎቹ ግን ራሳቸውን ከሕክምናው ቡድን ቆጥረው ሕመምተኛውንም አስታማሚውንም ያጽናኑ ነበር። ራሳቸውን ስተው ለረጅም ጊዜ የተኙ ሕመምተኞች ባሉበት ክፍል የምትሠራ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ፣ ለውጡ ምናልባት ይጠቅማቸው ይሆናል ብላ የግድግዳውን ሥዕሎች ታቀያይር ነበር። ይህን ያዘዛት አለቃ አልነበረም። በአገራችንም በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች በየቀበሌው ተሰማርተው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ እናቶችን ሲያስተምሩና ሕፃናትን ሲያስከትቡ የኖሩት ደመወዙ አጓጉቷቸው አይመስለኝም። ሰው የድካሙን ፍሬ በዐይኑ ሲያይ ይበረታል።

ተቃዋሚ

የተከበሩ ወንድሜ፣ ሥራዬ ትርጉም እንዳለው አንድ ቀን እንኳ ተጠራጥሬ አላውቅም፤ ያም ሆኖ ዝያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙዎቻችን በርንአውት የምንለውን የሥራ መዛል ሲገልጽ፣ መነሻው በሥራ ቦታ የቆየና መላ ያልተበጀለት ጭንቀት መሆኑን አስቀምጧል፤ ጉልበት ማለቅ፣ ሥራን በልብ መራቅና ውጤታማ አይደለሁም የሚል ስሜትም ምልክቶቹ ናቸው። ሥራውን የሚወድ ሰው ከዚህ ነፃ ነው የሚል ቃል የለበትም።

በአንድ የሌሊት ተራዬ 28 ሕመምተኞችን ብቻዬን ይዤ ሳለ፣ በወዲያኛው ጥግ የአንዱ ግሉኮስ ሊያልቅ ሲል በወዲህኛው አንዲት አሮጊት እጄን ጨብጠው «ልጄ፣ ትንሽ ቁጭ በይልኝ» አሉኝ። መቀመጡም ሥራዬ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቅቄ ሄድኩ። ጠዋት ቤቴ ገብቼ ስተኛ እንቅልፍ የነሳኝ ያ እጅ ነበር። ሥራው ለእኔ ምንም ባይሆን ኖሮ በሰላም እተኛ ነበር።

ስቱዋርት በንደርሰንና ጀፍሪ ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት በአሜሪካና በካናዳ ለጎብኚ ክፍት የሆኑ የዱር አራዊት ማቆያዎች (መካነ አራዊት) ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናትም ይህንኑ ያሳያል። ሥራቸውን እንደ ጥሪ የሚያዩት ትርጉም ያገኙበታል፤ በዚያው ልክ ክፍያቸውን፣ ጊዜያቸውንና ምቾታቸውን ለመሠዋት ዝግጁ ስለሚሆኑ ለብዝበዛ ይጋለጣሉ። እኛም «ሙያችሁ ክቡር ነው» የሚባለው ብዙውን ጊዜ የትርፍ ሰዓት ክፍያ በጠየቅን ማግሥት መሆኑ ያንገበግበኛል።

ደጋፊ

እህቴ፣ የነገሩኝ ልቤን ነክቶታል፤ ክብርን የክፍያ ምትክ የሚያደርግ አስተዳደርም ጥፋተኛ ነው። ነገር ግን ያቆሰለዎት የሥራዎ ትርጉም ሳይሆን ትርጉሙን እንዳይፈጽሙት መከልከልዎ ነው። አስተዳደሩ «ነርሷ ከሥራዋ የትኛውን ክፍል ዋና ትለዋለች?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ከአሮጊቷ አልጋ አጠገብ የሚቀመጡበትን ጊዜ አስቀድሞ ያስብበት ነበር። ትርጉም ይቅደም የምለውም ስለዚህ ነው።

ተቃዋሚ

እንግዲያውስ ልዩነታችን በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ያ ጊዜ የሚገኘው በጥያቄ ሳይሆን በተረኞች መርሐ ግብር ላይ ሁለተኛ ስም ሲጻፍ ነው። በየዓመቱ ስለ ሙያ ፍቅር ሥልጠና ተሰጥቶናል፤ የሌሊቱ ተራ ግን ዛሬም ለአንድ ነርስ ነው። እርስዎ የሰው ኃይል ዕቅድ የሚያዘጋጁ ሰው ነዎትና፣ በሚቀጥለው ዕቅድ ላይ ያንን ሁለተኛ ስም ይጻፉልን፤ መቀመጡን እኛ እናውቅበታለን።