ባይመጡስ ኖሮ?

የጅማ ሰዎች፣ እህት ወንድሞቼ፣ የምቆጣው በእኛው በራሳችን ነው።

ለትርፍ ያልተቋቋመ የምርምር ድርጅት ቀበሌያችን ሲገባ አበል ከከፈለ “ለውጥ አመጣ” እንላለን፤ ካልከፈለ ደግሞ “ምን ሠራና?” በሁለቱም ሐሰት እንመሰክራለን።

ከዓመታት በፊት ጎማ ወረዳ ውስጥ ለአንድ እንዲህ ያለ ድርጅት አስተርጓሚ ሆኜ ሄጄ ነበር። ጠያቂው ልጅ መጠይቁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አንድ አዛውንት ቡና አምራችን “ከሥልጠናው በኋላ ምርትዎ ጨመረ?” አላቸው። “በጣም!” አሉ። ጻፈ። ወረቀቱ ቦርሳ ከገባ በኋላ፣ ቶናው እየተቀዳ፣ ወደ ጓሯቸው እያመለከቱ “ልጄ፣ ያ ችግኝ እኮ ከመልኮ የምርምር ማዕከል የመጣው የዛሬ አራት ዓመት ነው። ማፍራት የጀመረው ዘንድሮ ነው፤ ዝናቡም ደህና ነበር” አሉኝ። ለምን እንዳልነገሩት ስጠይቃቸው “ከሩቅ የመጣ እንግዳ እንዴት አሳፍራለሁ?” አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል፤ የእሳቸው ኩንታል የድርጅቱ ውጤት ተብሎ ተቆጥሯልና።

ቡና ያሳደገን ሰዎች ይህ እንዴት ይጠፋናል? ቡና አንድ ዓመት በብዛት ተሸክሞ በሚቀጥለው ያርፋል። ባረፈበት ዓመት መዝኖ፣ አሠልጥኖ፣ በተሸከመበት ዓመት ደግሞ የመዘነ ሰው ሥልጠናው ተአምር ሠራ ቢል ማን ያርመዋል? እኛው ነበርን ማረም የሚገባን።

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ ሲታይ ተመራማሪዎቻችን በበሽታው በተመታው ማሳ መካከል ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ ፈለጉ። ዘሩንም ወስደው መልሰው ፈተኑት። 74110 እና 74112 የምንላቸው ዝርያዎች የዚያ ልፋት ፍሬ ናቸው፤ 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን፣ ያመለክታል። የዛፉ ብርታት የታወቀው የታመመው ከጎኑ ስለነበረ ነው። ድርጅትም የሚለካው እንዲሁ ነው፤ እነሱ ያልደረሱበት፣ ዝናቡም የቡናው ዋጋም ከእኛ ጋር አንድ የሆነ ቀበሌ ከጎን መታየት አለበት።

ይህን እንዳያደርጉ የምናስቸግረው ግን እኛ ነን። ኬንያ፣ ቡሲያ ውስጥ ለ75 ትምህርት ቤቶች ልጆች የሆድ ትላትል መድኃኒት የተሰጠው እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በየተራ ነበር፤ ተራቸው የደረሰው ካልደረሰው ጋር ተነጻጸረ። ከጥናቱ መሪዎች አንዱ ማይክል ክሬመር እ.ኤ.አ. በ2019 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። እኛ ዘንድ “የትኛው ቀበሌ ይቅደም፣ በዕጣ ይሁን” ሲባል ስብሰባው ይረበሻል። እቁብ ላይ ዕጣ የምናከብር ሰዎች!

ሌላም አለ። መልኮ አለ፣ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ግብርና ጽሕፈት ቤቱ አለ፣ በዚያ ላይ ድርጅቱ ይመጣል። የአንድ ገበሬ ኩንታል በአራት ሪፖርት ውስጥ ይገባል፤ አራቱም ላይ ፈርመናል። “አግዘናል” ማለት ነውር አይደለም። ነውሩ የሌላውን ድርሻ ጠቅልሎ መውሰድ ነው።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ባይመጡ ኖሮ ምን ይጎድል እንደነበር አይነግረንም።

በጣም የሚያሳዝነኝ ደግሞ “ይህ ማዳበሪያ በእናንተ አፈር ላይ አይጠቅምም” ብሎ በሐቅ የሚነግረንን ተመራማሪ ባዶ እጁን መጣ ብለን መናቃችን ነው። ስንት ገበሬ ከከንቱ ወጪ ይድናል! እሱን የሚቆጥር ግን የለም።

እንግዲህ የፊርማ ወረቀቱ እጃችሁ ሲገባ ሥራው ሳይጀመር የተለካበት የመነሻ ጥናት የት እንዳለ፣ ጎረቤት ቀበሌ ዘንድሮ ስንት እንዳመረተ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ አትፈርሙ። እናንተም አስተርጓሚ ሆናችሁ የምትሄዱ ልጆች፣ ቶናው ላይ የሰማችሁትን ለጠያቂው ንገሩት፤ ቦርሳውን ከፍቶ ወረቀቱን እንደገና ያውጣ።