ሰንጢ የወረሰ ሰው ብሶት

አያት ያላችሁ ስሙኝ። "ምን ላውርስህ?" ካሏችሁ መሬት በሉ። ቤት በሉ። ላም በሉ። አሮጌ ካፖርትም ቢሆን ይሻላል። ብቻ ሰንጢ እንዳትሉ። እኔ አላልኩም፤ እንዲሁ ተሰጠኝ። ይኸው ዋጋዬን እያገኘሁ ነው።

ዛሬ አንድ ባንክ በር ላይ የሆንኩትን ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም። ንዴቱ ገና ስላልበረደልኝ ፊደል ብስት እለፉኝ።

ፍተሻ አለ። ይኑር! እኔ ፍተሻ የምጠላ ሰው አይደለሁም። ቁልፌን አወጣሁ፣ ስልኬን አወጣሁ፣ ሰንጢዋንም አወጣሁ። ልብ በሉ፣ ደብቄ አልያዝኩም። በገዛ እጄ ነው ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኳት። ፈታሹ ከታናሽ ወንድሜ የሚያንስ ልጅ ነው። በሁለት ጣቱ የሞተ አይጥ እንደሚያነሳ ሰው ብድግ አደረጋት።

"ይሄ ምንድነው?"

"ሰንጢ ነው።"

"ሰንጢ መሆኑንማ አየሁት። ማንን ልትወጋበት ነው?"

ሰልፉ ሳቀ። ጅማ ውስጥ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ምን እንደሚያስቀው ታውቃላችሁ፣ ምንም ነገር ያስቀዋል።

"የአያቴ ናት ወንድሜ። ብርቱካን ነው የምልጥባት።"

"እዚህ ብርቱካን ይሸጣል?"

ሰልፉ አሁንም ሳቀ። ልጁ ሳቁ ጣመው። ጎበዝ ቀልደኛ መሆኑን ያን ሰዓት ነው ያወቀው መሰለኝ። ሰንጢዋን ከፈታት፣ ዘጋት፣ እንደገና ከፈታት። ከዚያ ለሰልፉ በሚሰማ ድምፅ፦

"አያትህ ግን ሥራው ምን ነበር? ማጅራት መቺ?"

እኔ ምን አልኩ? ምንም። ምላሴ ታሰረ። እኔ ሁሌም እንዲህ ነኝ፤ መልሱ የሚመጣልኝ ባጃጅ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ከኋላዬ የቆሙ አንዲት እናት ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "ተወው ልጄ፣ ጊዜው ክፉ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አትያዝ" አሉኝ። በአዘኔታ! ስድቡን ችዬው ነበር፣ አዘኔታው ነው የገደለኝ።

ማጅራት መቺ ይበለኝ? አያቴን?

አባባ ዕድሜውን ሙሉ ቡና ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው። ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከማና የሚመጣ ጀንፈል፣ ማለት ገና ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ስንት ጆንያ በእጁ እንዳለፈ እግዜር ይወቀው። የጆንያውን ስፌት የሚበጥሰው በዚህች ሰንጢ ነው። ሸንኮራ የሚልጥልን በሷ ነው። እርሳሴን የቀረጸልኝ በሷ ነው። ቅርጫ ሲደርስ ቢላ ሲያቀርቡለት "የሰው ቢላ አያጠግብም" ብሎ ከኪሱ እሷን ነው የሚያወጣው። ብርቱካን ሲልጥ ልጣጩ ሳይበጠስ ተጠምዝዞ ጉልበቱ ድረስ ይወርዳል። እኛ እግሩ ስር ቁጭ ብለን ይበጠሳል፣ አይበጠስም እያልን እንወራረዳለን። በዘመኑ የብዙ ሰው ኪስ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር ነበረ። ማንም ማንንም "ማንን ልትወጋ ነው?" አላለም።

ሰው አገር ሂዱና እዩ። ስዊስ ውስጥ ካርል ኤልዘነር የሚባል ሰው ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአገሩ ጦር ሰንጢ ሲያቀርብ፣ ያ ነገር የአገር ምልክት ሆኖ ቀረ። ቀይ እጀታ ነጭ መስቀል ያለበትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፈረንሳዮች ያቺን ባለ እንጨት እጀታ ኦፒኔልን ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዛሬ ይሠራሉ። እነሱ ዘንድ አያት ለልጅ ልጁ ሰንጢ ሲሰጥ ወግ ነው። እኛ ጋ ወንጀል ነው። እሺ፣ እዚያም ቢሆን ሰንጢ ይዞ አውሮፕላን ውስጥ አይገባም፣ እሱን አውቃለሁ። እኔ አውሮፕላን ልጥለፍ አልኩ? ብር ላውጣ ነው ያልኩት!

ለመሆኑ ብሩን አወጣሁ? ኧረ ምን ወጥቶ! ሰንጢዋን የቻርጀር ገመድና የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጃንጥላ ያለበት ካርቶን ውስጥ ወረወራት። ወረወራት ነው የምላችሁ፣ አስቀመጣት አላልኩም። ቁጥር የለ፣ ደረሰኝ የለ። ገባሁ፣ ወረፋ ያዝኩ፣ ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፣ ልክ ተራዬ ሲደርስ "ሲስተም የለም"። ይሄ ሲስተም የሚባለው ሰውዬ ግን የት ነው የሚሄደው? ባለፈውም የለም፣ ደሞዝ ሰሞን የለም፣ በዓል ሲመጣማ ጭራሽ የለም። እሱን ነበር ፈትሾ ማስገባት።

ዋናው ገና ነው። ስወጣ ያ ቀልደኛ የለም፣ ፈረቃ ተቀይሯል። በሱ ቦታ አንድ ጠና ያሉ ጥበቃ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ላይ ምን አለ? ብርቱካን! በምን እየላጡት ነው? በአባባ ሰንጢ!

ለካ እዚያ ብርቱካን ይሸጣል።

"ጋሼ፣ ያቺ ሰንጢ የኔ ናት" አልኩ።

"ያንተ ናት እንዴ? ጥሩ ትቆርጣለች እኮ!" ብለው አንድ ፍሬ ዘረጉልኝ። ስለቷን በሱሪያቸው አንድ ጊዜ ሸርተት አድርገው ሰጡኝና ጨመሩበት፦ "ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ይዘህ እንዳትመጣ። ክልክል ነው።"

ብርቱካኑን በላሁት። ምን ላድርግ?

ነገሩ ግን እሱ አይደለም። ይሄ የድሮ ብረት ነው፣ እንደ ዘንድሮው የማይዝግ አይደለም። የብርቱካን ውሃ ካረፈበት ይጠቁራል፣ ቆይቶ ይዝጋል። አባባም ይልጥባት ነበር፣ ግን ወዲያው በጨርቅ ይጠርጋታል፣ ማታ ዘይት ያስነካታል። ቤት ገብቼ በባትሪ ብርሃን ሳያት ስለቷ ላይ ግራጫ ነጠብጣብ ወጥቶባታል። እጀታዋ ቀንድ ነው። የአውራ ጣቱ ማረፊያ ተበልቶ ጎድጉዷል። እዚያች ጉድጓድ ውስጥ የብርቱካን ጭማቂ ደርቆ ሲጣበቅ ሳይ ምን እንደተሰማኝ አልነግራችሁም።

እና ይሄ የመጀመሪያዋ ሥቃይ መሰላችሁ? ቤተሰቤ እኮ ከፈታሹ ይብሳል። ያ ባጃጅ የሚነዳው የአክስቴ ልጅ "አንዴ ስጠኝ" ብሎ ካቻቢቴ አድርጓት ጫፏን ሰበራት። "ትንሽ ናት እኮ የተሰበረችው" ይላል። ከዚያ "ላስተካክልልህ" ብሎ እዚሁ ጅማ መርካቶ አንድ ብየዳ ቤት ወስዶ ግራይንደር ላይ አስነካት! ብረት ግራይንደር ላይ ግሎ ሰማያዊ ከሆነ አለቀለት፣ ጥንካሬው ሄደ ማለት ነው። አሁን ጫፏ ጋ ያለው ስለት አይበረክትም፣ በሳልኳት ማግስት ይደነዝዛል። አባባ በድንጋይና በውሃ፣ ቀስ ብሎ፣ እያወራ ነበር የሚስላት።

አጎቶቼማ ሌላ ጉድ ናቸው። ቤቱንና የቡና መሬቱን እስካሁን ይካሰሱበታል። እኔ ሰንጢ ስለደረሰኝ ግን "አንተማ ተጠቀምክ" ተብዬ ይሳቅብኛል። ትልቁ አጎቴ አንድ ብርጭቆ ከቀመሰ ሰንጢዋ ከጣሊያን የተማረከች ናት ይላል። ጣሊያን በ1933 ጅማን ለቆ ሲወጣ አባባ ጡት ይጠባ ነበር! ማን ማረከው? በጡጦ ነው የማረከው? አባባ እራሱ እዚሁ ጅማ ሄርማታ ሰፈር ከነበረ የዐረብ ሱቅ እንደገዛት ነው የነገረኝ፣ በገንዘቡ። ተናግሬ ግን ማን ይሰማኛል? "ታሪክ አታበላሽ" ተባልኩ።

አክስቴ ደግሞ ሰንጢ ከእጅ ወደ እጅ ከተቀባበሉ ጠብ ያመጣል ብላ፣ አባባ ሊሰጠኝ ሲል መሃል ገብታ አስቆመችው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ነው ያነሳሁት። አባባ ያኔ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከእጁ መቀበል ነበር የፈለግኩት። ጠቡ እንደሆነ አልቀረም፣ ይኸው ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ።

አንዱ ጓደኛዬ "ለምን ሙዚየም አትሰጣትም?" አለኝ። የጅማ ሙዚየም የአባ ጅፋር ዕቃ ያለበት ቦታ ነው፤ የአባባን ሰንጢ ንጉሥ አጠገብ ሊያስቀምጡልኝ ነው? ሌላው "ቤት አስቀምጣት፣ ለምን ይዘሃት ትዞራለህ?" ይለኛል። ሰንጢ ቤት ተቀምጣ ምን ትሠራለች? ቡፌ ውስጥ ከማንጠጣባቸው ብርጭቆዎች ጋር? አባባ ሲሰጠኝ "ኪስህ ትሁን" ነው ያለኝ። ኪሴ ናት። ኪሴም ትሆናለች።

ለማንኛውም ነገ ተመልሼ መሄዴ ነው፣ ሲስተም የሚባለው ሰውዬ ከመጣ። ሰንጢዋን ማን ጋ እንደማስቀምጣት ግን አላውቅም። ባንኩ ፊት ለፊት ያለችው ሎሚና ብርቱካን ሻጭ ጋ ላስቀምጥ ብዬ አሰብኩ፣ እሷም ልትልጥባት ነው።

ይሄን እየጻፍኩ የአክስቴ ልጅ ደወለ። የባጃጁ መብራት ላልቶበት "ያቺን ሰንጢ አንዴ ላክልኝ" ይለኛል። ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ደግሞ እየደወለ ነው። ባትሪዬ ሊያልቅ ነው፣ እዚህ ሰፈር መብራት ከጠፋ ቆይቷል፣ በቃ ደህና እደሩ።