ካርቦኑ ሳይሆን ኮንክሪቱ ነው የሚለቀው

አንድ ፎቅ የሠራ ሰው ቆይቶ ሌላ መደረብ ያምረዋል። ድሬዳዋ ውስጥም ያው ነው። ታች የነበረው መኖሪያ መጋዘን ይሆናል፣ ላይ የነበረው ቢሮ አዳራሽ ይሆናል። ፎቁን የተሸከመው አግዳሚ ቢም ግን የተሠራው ለድሮው ጭነት ነው። ያን ጊዜ “ካርቦን እናልብሰው” የሚል ምክር ይመጣል።

ምክሩ በራሱ መጥፎ አይደለም። ካርቦን ፋይበር ማለት ከካርቦን ክር የተሠራ ስስ ጨርቅ ወይም ጠፍጣፋ ነው። ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ቤቱንም ሳያፈርሱ ይለጠፋል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ሉሰርን አጠገብ ያለው የኢባኽ ድልድይ በ1991 እ.ኤ.አ. የተጠናከረው በዚህ ነው። 175 ኪሎ ብረት ይፈልግ የነበረውን ሥራ 6.2 ኪሎ ካርቦን ሠራው። እኔ የምቃወመው ቴክኖሎጂውን ሳይሆን አሻሻጡን ነው። ሻጩ “ከብረት ብዙ እጥፍ ይበረታል” ይላል። እውነቱን ነው። የቤቱ ባለቤት መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነገር ነው፦ መቼ ይላቀቃል?

ቢም ሲጎብጥ የታችኛው ፊቱ ይሳባል። ካርቦኑ ኢፖክሲ በሚባል ሙጫ የሚለጠፈው እዚያ ላይ ነው። ኃይሉ ከቢሙ ወደ ካርቦኑ የሚያልፈው በሙጫውና ሙጫው በያዘው ስስ የኮንክሪት ቆዳ በኩል ነው። በአግባቡ የተሠራ ኢፖክሲ ከኮንክሪቱ ይበረታል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀው ሙጫው አይደለም። ከሙጫው ሥር ጥቂት ሚሊሜትር ገባ ያለው ኮንክሪት ነው። ተላቆ የወደቀ ካርቦን ብታገላብጡ ጀርባው ላይ ኮንክሪት ተጣብቆ ታያላችሁ።

መላቀቁ ሁለት ዋና መነሻ አለው። አንዱ መሀል ላይ ነው። ቢሙ ሲሰነጠቅ ካርቦኑ ስንጥቁ አፍ ላይ ይወጠራል፣ ከዚያ እንደ ዚፕ እየተከፈተ ወደ ጫፉ ይሄዳል። ሌላው ከራሱ ከካርቦኑ ጫፍ ይነሳል። ይሄኛው ክፉ ነው። እስከ ፌሮው ዘልቆ የሸፈነውን ኮንክሪት በሙሉ ይዞ ይወርዳል። በአግባቡ የተሠራ ቢም ሊወድቅ ሲል ይጎብጣል፣ ስንጥቁ ይሰፋል፣ ሰው አይቶ ይወጣል። የካርቦን መላቀቅ ግን ድንገተኛ ነው።

መሐንዲሶች ይህን ቀድሞ ለማወቅ ብዙ ለፍተዋል። ቼንና ቴንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጡት ቀመር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ከቀመሩ የምንማረው፣ የመለጠፊያው ርዝመት ከተወሰነ ልክ ካለፈ የመያዝ አቅሙ እንደማይጨምር ነው። ለተለመዱት ካርቦኖች ያ ልክ ከ10 እስከ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት መመሪያ ደግሞ ካርቦኑ ሳይላቀቅ እስከ ስንት ድረስ ቢለጠጥ እንደሚያዋጣ ያሰላል። እስቲ ቁጥር እናስገባ። የኮንክሪቱ ጥንካሬ 20 ሜጋፓስካል ይሁን፣ ካርቦኑ 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የተለመደ የካርቦን ላሜራ (ጠፍጣፋ)። መልሱ 0.41 በመቶ ገደማ ነው። ያው ላሜራ የሚበጠሰው ግን 1.7 በመቶ አካባቢ ሲለጠጥ ነው። ስለዚህ ከከፈላችሁበት ጥንካሬ የምትጠቀሙት ሩቡን ያህል ነው። “እንግዲያው ሁለት ድርብ እናድርገው” ለሚል ሰውም ያው ቀመር መልስ አለው። አቅሙ እጥፍ አይሆንም፣ የሚጨምረው 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ሥራው ወደ ኮምፒውተር እየሄደ ነው። በየአገሩ ቤተ ሙከራ የተላቀቁ ናሙናዎች ውጤት ይሰበሰባል፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይማርበታል፣ ከዚያ መላቀቂያውን ይተነብያል። ይህን በደስታ ነው የምከታተለው። ቀመር ያልያዛቸውን ውስብስብ ግንኙነቶች ይይዛል። ግን ሞዴል የሚያውቀው ያየውን ነው። ያየው ደግሞ በአብዛኛው በጥንቃቄ ተቦክቶ፣ ውሃ እየጠጣ የደረቀ፣ በክፍል ሙቀት የተሳበ ትንሽ የኮንክሪት ብሎክ ነው። ሌላም ነገር አለ። ከአንድ ቤተ ሙከራ የወጡ መንትያ ናሙናዎች ግማሾቹ ለመማሪያ፣ ግማሾቹ ለፈተና ከዋሉ ውጤቱ ማማሩ አይቀርም። ተማሪው ጥያቄውን ቀድሞ አይቶታል።

የድሬ ቢም ከዚያ ብሎክ ጋር አይመሳሰልም። ሳይታጠብ በገባ የወንዝ አሸዋ ተቦክቶ ሊሆን ይችላል። ሲሞላም በዚያ ፀሐይ በቂ ውሃ ላይጠጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ኮንክሪት መጀመሪያ የሚደክመው ቆዳው ላይ ነው። ካርቦኑ የሚተማመነው ደግሞ በዚያው ቆዳ ነው! ሽሚት ሀመር በሚባለው የኮንክሪት መፈተሻ መዶሻ መትቶ ቁጥር ማንበብም አይበቃም። እሱ የፊቱን ጥንካሬ እንጂ መያዙን አይለካም።

ሙቀቱም አለ። በግንቦትና በሰኔ እዚህ 35 ዲግሪ መድረስ ብርቅ አይደለም። በአየሩ ሙቀት የሚደርቅ የተለመደ ኢፖክሲ ከ60 እስከ 82 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ መለስለስ ይጀምራል። ሳሎን ውስጥ ያለ ቢም ያን ያህል አይሞቅም። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው የበረንዳ ወይም የድልድይ ቢም ግን፣ ያውም ጥቁር ነገር ተለጥፎበት፣ ከአየሩ በጣም ይበልጥ ይግላል። የተቦካው ኢፖክሲም በቀትር ባልዲው ውስጥ እያለ ይጠነክራል። ሠራተኛው እንዳይባክን ብሎ ሊጠነክር የጀመረውን ከቀባ፣ የትኛውም ሞዴል ይህን አያውቅም።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ከተማው ውስጥ በካርቦን የሚጠናከር ቢም ሁሉ ሳይለጠፍበት በፊት የመንቀል ፍተሻ ይደረግለት። ነገሩ ከባድ አይደለም። ትንሽ የብረት ዲስክ ኮንክሪቱ ላይ ይለጠፋል፣ ዙሪያው ይቆረጣል፣ በእጅ በሚሠራ መሣሪያ ይሳባል። የአሜሪካው መመሪያ የሚጠይቀው ቢያንስ 1.4 ሜጋፓስካል ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ካርቦኑን መርሳት ነው። ልስን ላይና ቀለም ላይ መለጠፍ ደግሞ ጨርሶ ክልክል ይሁን። ኮንክሪቱ ራሱ እስኪታይ መፋቅ አለበት።

የሕንፃ ሹሙም አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ ካርቦኑ በአደጋ ቢጠፋ ቤቱ ይቆማል ወይ? ያው መመሪያ ነባሩ ቢም ያለ ካርቦኑ እርዳታ የአዲሱን ቋሚ ክብደት (የሕንፃውን የራሱን) 1.1 እጥፍ፣ ከተገልጋዩ ጭነት (ከሰውና ከዕቃ) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 75 በመቶውን አብሮ እንዲችል ይጠይቃል። ይህችን ሒሳብ የማያልፍ ቢም ላይ ሌላ ፎቅ አይደረብም። ባለቤቱ ቢከፋውም።

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለተመራቂ ተማሪ የሚሰጡት ጥሩ ርዕስ አላቸው። በዚሁ አገር አሸዋና ሲሚንቶ ቢሞች ይሞሉ፣ ካርቦን ይለጠፍባቸው። ግማሾቹ ጥላ ውስጥ ይቀመጡ፣ ግማሾቹ ድሬ ላይ ጣሪያ ላይ ይውሉ። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂቱ እየተሰበረ ውጤቱ ለሁሉም ክፍት ይሁን። የወደቁትም የቆሙትም አብረው ይታተሙ። ሞዴል ሠሪዎቹ የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ዳታ ነው።