የሚለካው ፍጥነት ነው
ስለ ጉበት ምርመራ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ፣ አልትራሳውንድ የጉበትን ጥንካሬ «በቀጥታ ይለካል» ማለቱ ያሳስታል። መሣሪያው የሚለካው ፍጥነት ነው። ጠንከር ያለ የድምፅ ምት ሕብረ ሕዋሱን በጥቂት ማይክሮሜትር ይገፋዋል፤ ከዚያ ወደ ጎን የሚሰራጨው ሺር ሞገድ (ሕብረ ሕዋሱን ለጉዞው አቅጣጫ አግድም እያወዛወዘ የሚያልፍ ሞገድ) በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ተራው የአልትራሳውንድ ሞገድ በሰከንድ 1,540 ሜትር ገደማ መጓዙን ልብ ይሏል! ደግነቱ ሺር ሞገዱ ቀርፋፋ መሆኑ ነው፤ በሰከንድ ሺዎች ምስል የሚያነሳ መሣሪያ እግር በእግር ይከተለዋል። ጥንካሬው የሚሰላው ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው አራት እጥፍ ይሆናል። ደግሞም ጉበትን የሚያጠነክረው ጠባሳ ብቻ አይደለም፤ የጉበት መቆጣት፣ የልብ ድካም፣ የሐሞት ቱቦ መዘጋት፣ በቅርቡ የተበላ ምግብ ሳይቀር ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ጸሐፊው ታካሚ ከምርመራው በፊት ለተወሰኑ ሰዓታት ከምግብ መታቀብ እንዳለበት አለመጥቀሳቸው ገርሞኛል።