ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎ ያቺን ገመድ…

ሀዋሳ ያደገ ሰው ስለ ጀልባ ሲወራ ዝም አይልም። አብዛኞቻችን የምናውቃት ጀልባ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቃችን ዳር "ጉማሬ እናሳያችሁ" እያሉ ሰው የሚጭኑባትን ባለሞተሯን ነው። እሷም ላይ የወጣነው ከአዲስ አበባ ዘመድ ሲመጣ ነው፤ ሒሳቡን የከፈለውም ዘመዱ ነው። ቢሆንም ባለሙያዎች ነን። ስለዚህ ከውጭ የመጣ አንድ የሠፈራችን ልጅ አሞራ ገደል አሳ እየበላን "ከሦስት ሰዎች ጋር ሆኜ የቱርክን የባሕር ዳርቻ በሸራ ጀልባ ሄድኩበት" ሲለን ወዲያው ማረም ጀመርን። "በሞተር አይሻልም ነበር?" አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ "ክረምት ነበር በጋ?" ብሎ ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ "ተሳስታችኋል" አለ።

ልጁ ታጋሽ ነው። ከማርማሪስ ተነስተው ወደ ፈትሂዬ ነው የሄዱት። ቀን ቀን ሸራ ዘርግተው ዳርቻውን ይከተላሉ። ሲመሽ ከተራራ ሥር የተሸሸገ ጥግ ፈልገው መልሕቅ ይጥላሉ፤ ጀልባዋ እንዳትዞር ደግሞ ከኋላዋ ረጅም ገመድ ስበው ዳር ካለ ዛፍ ወይም ድንጋይ ጋር ያስሯታል። ፍጥነታቸው 5 ኖት ገደማ ነው አለን፣ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ከሀዋሳ ሻሸመኔ ለመድረስ ወደ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። "ለዚህ ነው ገንዘብ የምትከፍሉት?" ብለን ጠየቅነው። "አዎ" አለ፣ ምንም ሳያፍር።

እዚያ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ እኛ ጃንጥላ ስንፈልግ ማለት ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከሰሜን በኩል ሜልቴሚ የሚሉት ነፋስ በኤጂያን ባሕር ላይ ይነሳል። ታዲያ መሄድ የፈለግክበት ቦታ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ከሆነ ቀጥ ብለህ አትሄድም። በሸራ አይቻልም። ወደ 45 ዲግሪ አዘንብለህ ወደ ቀኝ ትሄዳለህ፣ ከዚያ ዞረህ ያንኑ ያህል ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ፤ እንዲህ እየተጠማዘዝክ ትደርሳለህ። ፈረንጆች ይህን ለመማር ኮርስ ይገባሉ፣ ሰርተፊኬትም ይቀበላሉ።

እኛ ይህን ለመማር ኮርስ ምን ያስፈልገናል? ብር ሊበደር የመጣ ጎረቤት እኮ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ወደ ጤናህ ይሄዳል፣ ከዚያ ዞሮ ወደ ልጆችህ ትምህርት፣ ከዚያ ወደ ኑሮ ውድነት። "ዘይት እንኳ…" ብሎ ትንሽ ጠጋ ይላል። ፊትህ ጠቆር ካለ ወዲያው ታጥፎ ወደ እናትህ የጉልበት ሕመም። ቡናው ተጠጥቶ አልቆ፣ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ከቆመ በኋላ ነው "እ… አንዲት ነገር ላስቸግርህ ነበር" የሚለው። ቀጥ ብሎ የጠየቀ ቀን ባዶ እጁን ይመለሳል። ጀልባዋም አፍንጫዋን ቀጥታ ወደ ነፋሱ ካዞረች ሸራዋ ዝም ብሎ ይርገበገባል፣ እሷም እዚያው ትቆማለች።

ስለዚህ በመጠማዘዝ በኩል ዓለም አይደርስብንም። ውሃ መቆጠብ ላይም እንደዚያው። እንዲህ ዓይነት ጀልባ የምትይዘው ጥቂት መቶ ሊትር ውሃ ስለሆነ ገላ የሚታጠቡት በቁጥቁጥ ነው፤ መብራቱም በባትሪ ነው፣ ሲያልቅ ያልቃል። ልጁ ይህን እንደ ትልቅ ጀብዱ ሲተርክልን ጠረጴዛው ላይ ማንም አልደነቀውም። ቤታችን ውስጥ የተደረደረውን ጀሪካን የት ረስቶት ነው?

ጉዱ ያለው መዞሩ ላይ ነው። ጀልባዋ አቅጣጫ ስትቀይር መሪውን የያዘው ሰው "ዝግጁ?" ይላል፣ ሌሎቹ "ዝግጁ!" ይላሉ። ከዚያ አንዱ ገመድ ይለቀቃል፣ ሌላው ይሳባል፣ ከሸራው ሥር በአግድም የተዘረጋው ዘንግ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይሻገራል፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። ሁሉም ነገር የሚያልቀው በሰከንዶች ውስጥ ነው። አንድ ሰው ያዛል፣ ሦስት ሰዎች ይታዘዛሉ። ክርክር የለም።

እስቲ አሁን እኛን አስቡን። አራት ሰዎች፦ ጡረታ የወጡ መምህር፣ አንድ የባንክ ሰው፣ እኔ እና የእህቴ ልጅ። ሥራውን ቶሎ የሚለምደው የእህቴ ልጅ ስለሆነ መሪው እሱ ዘንድ ይሆናል። ነፋሱ መጣ። መባል ያለበት "ሳብ!" ነው። እሱ ግን ያደገው በሥርዓት ነው። "ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎ፣ ያቺን በቀኝዎ በኩል ያለችውን ገመድ… ኧረ አይነሱ! በሞቴ አይነሱ፣ እኔ እመጣለሁ" ብሎ መሪውን ለቆ ይሄዳል። ጋሼ በበኩላቸው መታዘዙ ሳይሆን ቀድሞ ያላማከራቸው ነገር ነው የሚከነክናቸው። "ልጄ፣ እኔ እኮ አባትህን አስተምሬዋለሁ" ይላሉ። የባንኩ ሰው ስልክ ላይ ነው። በዚህ መሃል ያ ዘንግ የጋሼን ባርኔጣ ይዞ ይሻገራል።

ሌሊቱ ደግሞ ሌላ ነው። ረጅም መንገድ ሲሆን በየአራት ሰዓቱ ተረኛ ይቀያየራል፤ አንዱ ነቅቶ ይጠብቃል፣ የቀሩት ይተኛሉ። እኛ ዘንድ ይሄ የሚሆን ነገር ነው? "ብቻውን ትተነው?" ይላል የመጀመሪያው። "እኔም ትንሽ ላጫውተው" ይላል ሁለተኛው። ሦስተኛው እንቅልፉን ትቶ የሚመጣው እንዳይታማ ነው። ሌሊቱን አራቱም ነቅተው ሲያወጉ ያድራሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ አራቱም ይተኛሉ፤ ጀልባዋ ታውቃለች።

ምግቡንማ ተዉት። ፈረንጆቹ ፓስታና ቆርቆሮ ጭነው ነው የሚወጡት። እኛ ዳቦ ቆሎ ብቻ ይዘን ብንነሳ ማን ያስኬደናል? ቡናም አለ። የጀልባ ምድጃ አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ጀልባዋ ስታዘነብል እሱ እየተወዛወዘ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጀበናው አይደፋም። ግን ያለ ከሰል ምን ቡና አለ? ፋይበርግላስ ጀልባ ላይ ከሰል አቀጣጥሎ እጣን ማጨስ አደገኛ እንደሆነ ልጁ አስረድቶናል። የባንኩ ሰው "ትንሽ ብቻ ከሆነስ?" ብሎ ጠይቋል። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር አላነሳሁትም፤ እሱ ብቻውን ቱርክ ያደርሳል።

የባሕር ሕግም አለ፤ ሁለት ሸራ ጀልባዎች ሲገናኙ ነፋሱን በግራ ጎኗ የምትቀበለው ለሌላዋ መንገድ ትለቃለች። በር ላይ "ይግቡ"፣ "ኧረ እርስዎ ይቅደሙ" ተባብለን ምሳው እስኪበርድ የምንቆመው ሰዎች፣ ባጃጅ ይዘን ስንወጣ ቅድሚያ የሚባል ነገር ሰምተን አናውቅም። ጀልባ ላይ የትኛው ጠባያችን እንደሚወጣ እግዜር ይወቅ።

ይህ ሁሉ እየታወቀ እኛም ሸራ ጀልባ እንግዛ ተባለ። ሐይቁ አለን፤ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 22 ሜትር አካባቢ ነው። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ስለዚህ የመጥፋት ስጋት የለብንም። ዳርቻውን ተከትለህ ዝም ብለህ ብትሄድ መልሶ ፍቅር ሐይቅ ያወጣሃል። መንገዱን የሚዘጋው ጉማሬ ነው፣ እሱ ደግሞ የግራና የቀኝ ነፋስ ሕግ አልተማረም። መዋጮ ተጀመረ። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ኦዲተር ተመረጡ። ገንዘብ ያዥ እኔ ሆንኩ። ስንነሳ አራት ሰው ነበርን፤ የባንኩ ሰው የአጎቱን ልጅ ጨመረ፣ ጋሼ ደግሞ "ንጹሕ አየር ታግኝ" ብለው ባለቤታቸውን። እንግዳ መመለስ አይቻልም።

እናቴ ወሬውን ሰማች።

"ዋና ትችላለህ?" አለችኝ።

አልችልም። ግን ተዘጋጅቼበታለሁ። ጆሹዋ ስሎከም የሚባል መርከበኛ በፈረንጆቹ 1895 ከቦስተን ተነስቶ፣ በሸራ ጀልባ ብቻውን ዓለምን ዞሮ በ1898 ተመለሰ፤ ብቻውን በመዞር የመጀመሪያው ሰው ነው፤ ዋና ግን አይችልም ነበር አልኳት።

"ጎበዝ!" አለች። "ሚስት አልነበረችውም?"

"ነበረችው። እሷ ቀረች።"

"አስተዋይ ናት። በሰላም ገባ አልከኝ?"

"በሰላም ገባ።"

"ከዚያስ ምን ሆነ?"

"ከዚያማ… ዓመታት ቆይቶ በ1909 ያችኑ ጀልባ ይዞ እንደገና ወጣ።"

"እሺ?"

"እንደወጣ ቀረ።"

እናቴ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

"የመዋጮውን ብር አምጣ። ሳጥኔ ውስጥ ይቀመጥ።"