ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው

አንድ ጓደኛዬ እዚሁ ባሕር ዳር የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ሰሞኑን የማስታወቂያ ጽሑፍ የሚጽፍላቸው ሰው ፈልገው ነበር። የመጣላቸውን የማመልከቻ ክምር ጣና ዳር ቡና እየጠጣን አሳየኝ። ሁሉንም አነበብኩ ማለት ይቻላል። (ያነበብኩት አንዱን ነው። ሌሎቹም እሱው ናቸው።)

ሥራው ባጃጅ ውስጥ ያለ ሰው አልፎት ሳይሄድ አንብቦ የሚጨርሰው አንድ መስመር መጻፍ ነው። የእኛ አመልካቾች ግን ችኮላ አያውቁም። እንዲህ ይጀምራሉ፦ «እኔ አመልካች ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት...»

ትሕትናውን አያችሁልኝ? ርዕሱ እኮ አንዲት መስመር ናት። «ሥራ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ትላለች፣ በቃ። እሷኑ ገለጽኩ ለማለት አልደፈረም፤ ሞከርኩ ነው ያለው። እንዲህ የማያጋንን ማስታወቂያ ጻፊ ከየት ይገኛል! አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል አዋጅ አለን፤ ቁጥር 759/2004። እንደነዚህ ደብዳቤዎች አክብሮ የያዘው ግን አላየሁም። ስለ አመልካቹ አንድም የሚያሳስት ነገር የለባቸውም። ስለ አመልካቹ አንድም ነገር የለባቸውማ።

ምስጋናው ለጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶቻችንም ይድረስ። እኔም ቀናሁና አንዱ ጋ ጎራ አልኩ።

«እህቴ፣ የሥራ ማመልከቻ ነበር።»

«እሽ፣ ስምህን ንገረኝ።» ዓይኗ ከኮምፒውተሩ አልተነሣም።

«ምን ሥራ እንደሆነ አትጠይቂኝም?»

«ምን ያደርግልኛል?»

ቡና አዝዤ ቢሆን ኖሮ ገና አይፈላም ነበር፤ ደብዳቤው ግን ታትሞ ወጣ። አድራሻው ላይ የነገርኳት የማስታወቂያ ድርጅት ስም በትክክል ሰፍሯል። ሦስተኛው መስመር ላይ ግን «በነርስነት ለማገልገል ያለኝን ጽኑ ፍላጎት» ይላል። ልናገር ብዬ ተውኩት። ፍላጎቴ ጽኑ መሆኑን ከእኔ በፊት አውቃልኛለች። ከፍዬ ወጣሁ፤ ወስጄም አስገባሁት።

ዘመነኞቹ ደግሞ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሰጡታል። እሱም ሁሉንም እኩል «ውጤት ተኮር፣ ጫናን የሚቋቋም፣ ለላቀ ስኬት የተጋ» አድርጎ ይመልሳቸዋል። አማርኛ ለሚጻፍበት ቦታ በእንግሊዝኛ ያመለከቱም ነበሩ።

ይህን ጥበብ ያልታደሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ሐይቁ ዳር ብቅ በሉና እዩአቸው። የጀልባው ልጅ ገና ከሩቅ ሲያይህ «ጋሼ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሳያዩ ሊሄዱ ነው?» ይልሃል። ገዳሙ ያለበትን ዘጌን አሥር ጊዜ ያየ ሰው እንኳ እግሩ ወደ ጀልባው ያመራል። ዓሣ ሻጩም ያው ነው። ቆሮሶውን በጅራቱ ብድግ አድርጎ «ሌሊት ጣና ውስጥ ነበር» ይላል። አራት ቃል! ቀን የለው፣ ቁጥር የለው። «ጉዳዩ፦ ዓሣዬ እንዲገዛልኝ ስለመጠየቅ» አላለም። ለሚደረግለት መልካም ትብብር በቅድሚያ አላመሰገነም። አባሪ ገጽ አላያያዘም። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይቀጥረዋል? ዓሣው በእርግጥ ረፋድ ላይ አልቆበታል።

ድርጅቱንም ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው። የሰውን ዕቃ አሳምሮ መሸጥ እንጀራው ነው። የራሱን ክፍት ቦታ ሲያስተዋውቅ እንዲህ አለ፦ «ብዛት፦ 1። ደመወዝ፦ በስምምነት። ተፈላጊ ችሎታ፦ የፈጠራ ችሎታ ያለው/ያላት።» ከዚያ «የሚከራይ ክፍል አለ» ከሚል ወረቀት ጎን ለጠፈው። እኔ በበኩሌ ክፍሉ ነው ያጓጓኝ።

ትናንት ጓደኛዬ ደወለልኝ።

«ስማ፣ ከክምሩ ውስጥ ለየት ያለው ያንተ ብቻ ነው ተባለ።»

«እንዴት?»

«ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ነርስ ልሁን ብሎ ያመለከተ ሌላ ሰው የለም። አለቃችን ፈጠራ ማለት ይሄ ነው አለ።»

ማክሰኞ ለፈተና ተጠርቻለሁ።